የሰልባትዮው ቀበቶ

ሰው አዲስ ዕቃ የሚገዛው ሊገለገልበት ነው ብሎ የሚያምን ካለ ወደ ደብረ ታቦር ይምጣና ቤት ለቤት ላዙረው። ከብፌው መስታወት ጀርባ ተደርድረው፣ ከሠርግ ቀን ወዲህ ውሃ ያልነካቸውን ብርጭቆዎች አሳየዋለሁ። እኛ የምንጠጣው አፉ በተሸረፈው ነው። ሶፋው ከነላስቲኩ ነው፤ ስትቀመጡበት ይንጫጫል፣ ስትነሡ ከልብሳችሁ ጋር አብሮ ይነሣል፣ ግን ላስቲኩ ይቀደድ ብትሉ የቤቱ እመቤት ሌላ እንግዳ እንደመጣ ሁሉ ወሬ ትቀይራለች። የቴሌቪዥኑ መቆጣጠሪያ በላስቲክ ላይ ላስቲክ ተጠቅልሎ ቁጥሩ ስለማይታይ የቤቱ ሰው የሚጫነው በግምት ነው። አዲስ ዣንጥላ የገዛው ጎረቤቴማ ዝናብ ሲጀምር ዣንጥላውን ከኮቱ ሥር ይሸሽግና ይሮጣል። እሱ በስብሶ ይገባል፣ ዣንጥላው ደረቅ ነው።

ይህን የማወራችሁ እንድትስቁልኝ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ተናድጄ ነው።

የማስተምረው ኬሚስትሪ ነው። ትምህርት ቤታችን እሳት ማጥፊያ አለው፤ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ መያዣው ላይ ያለው ላስቲክ እንኳ ያልተነሣለት። የት እንዳለ ገምቱ። ንብረት ክፍል ውስጥ ነው፣ ተቆልፎበት። ለምን ላቦራቶሪው ግድግዳ ላይ አይሰቀልም ብዬ የንብረት ክፍሉን ኃላፊ ብጠይቃቸው ተማሪ ያበላሸዋል አሉኝ። እሳት ቢነሣስ ብላቸው፣ «ያን ጊዜማ መጥተሽ ትወስጃለሽ» አሉኝ። እሳቱ በር ላይ ቆሞ እስክመለስ ይጠብቀኛል ማለት ነው። እኒህ ሰው ክፉ አይደሉም፤ ዕቃ ወዳድ ናቸው። እኔ ግን ከክፉ ሰው ይልቅ ዕቃ ወዳድ ሰው እንደሚያስፈራኝ ያወቅሁት በታላቅ ወንድሜ ምክንያት ነው፤ ይህን ሁሉ የዘበዘብኩትም ስለ እሳቸው ልነግራችሁ ነው።

አያ ደምሌ ይባላሉ። አባታችን የሞተው እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ ስለሆነ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ አንቱ ነው የምላቸው። ሌላ ወንድም የለኝም፣ እህትም የለኝም። ይህን ያዙልኝ። ሌላም ነገር ያዙልኝ፤ ሰውን አንቱ እያሉ መቆጣት እጅግ ያደክማል። አንተ የምትሉትን ሰው «አብደሃል?» ብላችሁ ትገላገላላችሁ። አንቱ የምትሉት ሰው ዘንድ ግን ቁጣችሁ ራሱ ጫማውን አውልቆ፣ ነጠላውን አስተካክሎ፣ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። እስኪገባ ድረስ ደግሞ ይበርዳል።

አያ ደምሌ አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና አለቻቸው። ደርግ ከወደቀ በኋላ ከአንድ የመንግሥት እርሻ በጨረታ ስትወጣ የገዟት ናት፤ ያን ጊዜም አሮጊት ነበረች። ከጉና ተራራ ሥር ድንችና ገብስ ጭነው እብናት ያወርዳሉ፣ ከእብናት ማሽላና ፍየል ጭነው ይመለሳሉ። ያኔ መንገዱን አስፋልት አልነካውም ነበር፤ ጠጠሩ ታጥቦ ያለቀ፣ ጥምዝምዝ ቁልቁለት ነው፣ በአንድ ጎኑም ገደል። በዚያ መንገድ ላይ ሲሄዱ መኪናቸው ደህና ይሁን አይሁን መጨነቅ የኔ ሥራ ሆኖ ኖሯል፤ እሳቸው ሲጨነቁ አይቼ አላውቅም።

አሁን ትንሽ ታገሡኝና ስለ መኪናዋ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የናፍጣ ማጠራቀሚያዋ፣ ሾፌሮች ሰልባትዮ የሚሉት፣ ጭነት ከሚጫንበት ከካሶኒው በታች በጎን በኩል የሚገኝ ትልቅ የቆርቆሮ ሆድ ነው። ከሥሩ ደጋፊ ብረቶች ይሸከሙታል። ከላዩ ደግሞ ሁለት የብረት ቀበቶዎች፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ አቅፈው ከመኪናዋ የወገብ ብረት፣ ከሻንሲዋ ጋር በብሎን ያስሩታል። ብረት ከብረት እንዳይፋጭ በመካከሉ ጎማ ይደረጋል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ መካኒክነት አልጠይቃችሁም።

የኋላው ቀበቶ ዝጎ ተበጠሰ። አያ ደምሌ ምን አደረጉ? በጠፍር አሰሩት። አዎ፣ በበሬ ቆዳ። አልጋ በሚጠፈርበት፣ ቀንበር በሚታሰርበት። ርጥቡን ጠፍር በሰልባትዮው ሆድ ላይ ጠምጥመው አሰሩት፤ ሲደርቅ ተኮማትሮ ጥርቅም አድርጎ ያዘው። በበጋማ እውነትም ከብረት አይተናነስም። ጠፍር ሲደርቅ እንደሚያጠብቅ በአገራችን የማያውቅ ሰው የለም፤ ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ እንደሚለጠጥ የማያውቅም የለም። ሁለቱን እውቀት በአንድ ላይ የሚያስታውስ ነው የጠፋው።

«አያ ደምሌ፣ ይኼ ነገር እኮ አንድ ቀን ይገድልዎታል» አልኳቸው።

«እታለም፣ ለጊዜው ነው። ደግሞ የበሬን ቆዳ ስትንቂ የበላሽውን እንጀራ መናቅሽ ነው።»

ለጊዜው። ይህችን ቃል እናንተም ታውቋታላችሁ። የመብራት ምሰሶው ያዘመመው ለጊዜው ነው፣ የድልድዩ መደገፊያ በእንጨት የተተካው ለጊዜው ነው፣ የክፍሌ መስኮት በካርቶን የተደፈነው ለጊዜው ነው፤ ካርቶኑ ሲበሰብስ ደግሞ ለጊዜው ሌላ ካርቶን ይለጠፍበታል። የአያ ደምሌ ጠፍርም በጋውን በለጊዜው ጨርሶ ክረምቱ ደጅ ደረሰ።

እንቅልፍ አጣሁ። ትምህርት ሲዘጋ በሚኒባስ ተሳፍሬ ባሕር ዳር ወረድኩ። የመለዋወጫ ሱቁ ባለቤት የምፈልገውን ስነግረው ከላይ እስከ ታች አየኝና «ቤት ውስጥ ወንድ የለም?» አለኝ። «አሉ፤ እሳቸው በጠፍር ነው የሚያስሩት» አልኩት። ሁለቱን ቀበቶዎች፣ ብሎኑን ከነዳዶው፣ ጎማዎቹን፣ ሁሉንም አዲስ፣ ሁሉንም ከነላስቲኩ ገዛሁ። ስመለስ ረዳቱ ከላይ ልስቀለው ቢለኝ እምቢ ብዬ ታቅፌው ተቀመጥኩ። መንገድ ላይ ባለችው በሐሙሲት ከተማ የገበያ ቀን ነበርና ዶሮ የያዙ አንዲት እናት ከጎኔ ገቡ። ምን እንደታቀፍኩ ጠየቁኝ። የወንድሜ መኪና ናፍጣ የሚይዝበትን ዕቃ ማሰሪያ ነው አልኳቸው። «እህት ማለት እንዲህ ናት» ብለው መረቁኝ፤ እኔም እስከ ደብረ ታቦር ድረስ ምርቃቱን እያጣጣምኩ፣ ዶሮዋም ጫማዬን እየነካካች ደረስን።

አያ ደምሌ ብረቱን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አልዋሻችሁም፣ ሳሙት። ብሎኑን በአውራ ጣታቸው እያሻሹ፣ «እንዲህ ያለ ብረት ካየሁ ስንት ዘመኔ» አሉ። ባረኩኝ። ሚስታቸው መጥታ አየች፣ ጎረቤት ተጠርቶ አየ፣ ቀበቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። መቼ ይታሰራል ስላቸው «ይች ገበያ ትለፍ» አሉኝ። ገበያዋ አለፈች። መንገድ ላይ አግኝቻቸው «እንዴት ሆነ ያ ብረት?» ብላቸው፣ «አይ ብረት! እታለም፣ ብረት ማለት እሱ ነው» አሉኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ይህ መልስ ለጥያቄዬ መልስ እንዳልነበረ ልብ ያልኩት በኋላ ነው። አስተማሪ ነኝ እኮ፤ ተማሪ እንዲህ ቢመልስልኝ ዜሮ ነበር የምሰጠው።

መስከረም ላይ የአክስታችን ተዝካር እብናት ሆነና አብሬያቸው ሄድኩ። ጋቢና ውስጥ አያ ደምሌ፣ እኔና የኔታ ነበርን። የኔታ በሠፈራችን ደብር የአቋቋም መምህር ናቸው፤ ለተዝካሩ ተጠርተው ነው። ከኋላ ድንች በጆንያ ተጭኗል፣ ከጆንያው ላይ ደግሞ እንደተለመደው ሰው። እግሬን ላሳርፍ ስል ወለሉ ላይ በነጭ ነጠላ የተጠቀለለ ጠንካራ ነገር ነካኝ።

«እታለም፣ እግርሽን ወዲያ አድርጊው» አሉኝ አያ ደምሌ፣ በጣም ቀስ ብለው።

የየኔታ ጸናጽል መሰለኝ። ብረት ነው፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ባለቤቱ አጠገቤ አሉ፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አማትቤ እግሬን ሰበሰብኩ። የመኪናው ወለል ጠባብ ነው፤ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ በዚያ ሁኔታ፣ ንዋየ ቅድሳት እንዳልረግጥ እየተጠነቀቅሁ፣ ቁልቁለቱን ተያያዝነው።

ዝናቡ ሲያወርደው አድሮ ነበር። ጠፍር በዝናብ ምን እንደሚሆን ተነጋግረናል። አንዱ ጥምዝ ላይ ስንደርስ ከኋላችን ብረት ድንጋይ ሲፍቅ ሰማን፤ ወዲያው መኪናዋ አንድ ነገር እንደያዛት ወደ ገደሉ ተሳበች። አያ ደምሌ ፍሬኑን ረገጡ። ጭቃው ላይ ተንሸራተተች፣ ተንሸራተተችና የፊት ጎማዋ የመንገዱን ጠርዝ ሲበላው ቆመች። ከላይ አንዲት ሴት ስትጮህ ሰማሁ። የየኔታ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። እኔ የማየው የወንድሜን እጅ ነበር፤ መሪውን እንደጨበጠ ቀርቷል። ሌላ ወንድም የለኝም ብያችኋለሁ።

ወረድን። ጠፍሩ ተለጥጦ ሾልኮ የሰልባትዮው ኋላ ከደጋፊ ብረቱ ተንሸራቶ መሬት ላይ ወድቋል፤ ድንጋይ ላይ ተሰክቶ ነው የጎተተን። ፊቱ በዚያች በዛገችው በአሮጌዋ ቀበቶ ብቻ ተንጠልጥሏል። ናፍጣው በክዳኑ በኩል እየፈሰሰ፣ ከዝናቡ ውሃ ጋር እየተቀላቀለ ወደ ገደሉ ይወርዳል። ከየት መጡ ሳይባል የአካባቢው ሰዎች ጀሪካን ይዘው ደርሰው የሚተርፈውን ማትረፍ ጀመሩ። አያ ደምሌ ቀና ብለው ሳያዩኝ «መፍቻ አቀብይኝ» አሉ። መፍቻው ጋቢና ውስጥ፣ ከጥቅሉ ሥር ነበር። በሁለት እጄ፣ በአክብሮት፣ ጥቅሉን ባነሣው ነጠላው ተፈታ።

ጸናጽል አልነበረም።

ቀበቶዎቹ ነበሩ። ከነላስቲካቸው። ብሎኖቹ እንዳይዝጉ ግራሶ ተቀብተዋል፣ ጎማዎቹ እንዳይሰነጠቁ በአሮጌ ሸሚዝ ተሸፍነዋል። ሕፃን እንኳ ከአራስ ቤት ሲወጣ እንደዚያ ተጠቅልሎ አይወጣም። ይዤው ሄድኩና አጠገባቸው ቆምኩ።

«አያ ደምሌ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«መለዋወጫ ነዋ።»

«ለምን አላሰሩትም?»

«ጠፍሩ ደህና ነበራ። አዲሱን ብረት ጭቃ አልብሰን ምን ልናገኝ ነው? ለክፉ ቀን ይሁን ብዬ ነው እንጂ።»

ለክፉ ቀን። መኪናዋ አንድ እግሯን ገደል ላይ አንጠልጥላ ቆማለች። ሰልባትዮው መሬት ላይ ተዘርሯል። ታዲያ ክፉ ቀን የሚባለው ምን ለብሶ ነው የሚመጣው? ተናደድኩ። እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ያናደደኝ የብረቱ ነገር አይደለም፣ ድካሜም አይደለም። እኒያ ሰው ለብሎን ሳስተው ለነፍሳቸው አልሳሱም። ብሎኑን ግራሶ ቀብተው፣ በሚስታቸው ነጠላ ጠቅልለው፣ እግር እንዳይነካው እየጠበቁ፣ ራሳቸውን ግን በበሰበሰ ቆዳ ላይ ጭነው ቁልቁለት ይወርዳሉ። «አያ ደምሌ» አልኩ፣ «አንቱ...»፤ ከዚያ የሚቀጥለው ቃል በአንቱታ እንዴት እንደሚባል ጠፋኝና ዋጥኩት። እስካሁን ጉሮሮዬ ውስጥ አለ።

የባሰው ገና ነበር። የኔታ ቀረብ ብለው፣ «ልጄ፣ ቁጣሽ እውነት አለው። ነገር ግን በዚህ ጭቃ አዲሱን ብረት ከምናበላሸው፣ ከጆንያው አንድ ገመድ ፈትተን እንሰርና እብናት እንድረስ። እዚያ ደረቅ ቦታ ይሠራል» አሉ። ሰዉ ሁሉ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ከሞት የተረፈ ሰው ሁሉ ተስማማ። አንዱማ ከጆንያው ላይ ገመዱን መፍታት ጀምሮ ነበር።

«አዎ፣ ለጊዜው» አለ ገመዱን እየፈታ።

ይህን ጊዜ ሄጄ ከመኪናዋ ፊት፣ መንገዱ መካከል ላይ ተቀመጥኩ። በተዝካር ልብሴ፣ ጭቃው ላይ። አዲሱ ብረት ካልታሰረ በላዬ ላይ ሂዱ አልኳቸው። መጀመሪያ የሳቁ ነበሩ። ቀጥሎ «ተነሺ መምህርት፣ ነውር ነው» የሚሉ መጡ። አንዲት ሴት ልብሴ አሳዝኗት ጆንያ ላንጥፍልሽ አለችኝ፤ ጆንያው አዲስ መሆኑ ትዝ ብሏት መልሳ ወሰደችው። አያ ደምሌ ከሩቅ ቆመው አዩኝ። እያዩኝ ቆዩ። ግትርነቴ ከማን እንደመጣ ያውቃሉ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጋቢናው ላይ አስቀመጡና ከመኪናዋ ሥር ገቡ።

እኔ ከተቀመጥኩበት አልተንቀሳቀስኩም። ብነሣ በገመድ አስረው ሊሄዱ ነው። ስለዚህ የሆነውን የምነግራችሁ በጆሮዬ ነው፤ ሰዎች ግንድ አምጥተው ሰልባትዮውን ከሥር ሲያነሡት፣ «ወደ ላይ፣ ትንሽ፣ በቃ» ሲባባሉ፣ ላስቲክ ሲቀደድ፣ ብሎን በመፍቻ ሲጠብቅ። የላስቲኩን መቀደድ ስሰማ ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። በመጨረሻ የኔታ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው መጡ።

«በዓይኔ አየሁ። አዲሱ ብረት ገብቷል። በይ ተነሺ» አሉኝ።

የኔታ አይዋሹም። ተነሣሁ።

እብናት ላይ ከቀሚሴ ጭቃ ይልቅ ንግግሬ ይበዛ ነበር። ተዝካሩን ሊበላ የመጣውን ዘመድ ሁሉ ሰበክሁት። ብርጭቆ አውጡ አልኩ፣ የሶፋ ላስቲክ ቅደዱ አልኩ፣ ዕቃ ለሰው ነው ሰው ለዕቃ አይደለም አልኩ። የአክስታችን ልጆች ተሳቀው ከብፌው ውስጥ ብርጭቆዎቹን አወጡና አጥበው አቀረቡ፤ እንግዳው ግን እንዳይሰብራቸው ፈርቶ ጠላውን በጣሳ ካልሆነ አልጠጣም አለ። አያ ደምሌ ከጎኔ ተቀምጠው ለሚያልፈው ለሚያገድመው «በእታለም ነው የተረፍኩት» ይላሉ። በልቤ ይቅር አልኳቸው። ሰው መማሩ አይቀርም ብዬም አሰብኩ፤ በዚህ ሥራ ላይ የቆየሁት ይህን ስለማምን አይደል?

በማግሥቱ ጠዋት ፀሐይ ወጥቶ፣ መንገዱ ጠፈፍ ብሎ፣ ሽቅብ ተነሣን። ጋቢናው ውስጥ ያው ሦስታችን ነን። ከኋላ ፍየሎች ይጮኻሉ። እኔ እግሬን ዘርግቼ ጥሩ አድርጌ ተቀመጥኩ።

እግሬ ነጠላ ነካ።

ጎንበስ ብዬ በእጄ ዳበስኩት። እንደ ትናንቱ ከባድ አይደለም፤ ግማሹን ያህል ነው። ግን ብረት ነው፣ ከነላስቲኩ።

«አያ ደምሌ» አልኩ።

«አቤት።»

«ቀበቶዎቹ ሁለት ነበሩ።»

ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ መለሱልኝ። «የፊተኛዋ እኮ ገና ደህና ናት፣ እታለም። አየሻት አይደል፣ ያን ሁሉ ተሸክማ አልተበጠሰችም። እሷ በተበጠሰች ጊዜ...»

የኔታ ወደ መስኮቱ ዞረው ጉናን መመልከት ጀመሩ። እንዳልዋሹኝ አሁንም እመሰክርላቸዋለሁ፤ አዲሱ ብረት ገብቷል ነው ያሉኝ፣ ስንቱ ገባ ብዬ ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ወንድሜ ክፉ ቀንን አይፈሩትም፤ ያከብሩታል። ገና የሚመጣ ትልቅ እንግዳ ነው። ብርጭቆው ለእሱ ነው፣ ሶፋው ለእሱ ነው፣ እሳት ማጥፊያው ለእሱ ነው፣ ቀበቶውም ለእሱ ነው። ትናንት ገደሉ ጠርዝ ላይ ያገኘነው ቀን ይህን ሁሉ ዝግጅት የሚመጥን ሆኖ አልታያቸውም። እንዲህ ያለ ሰው በክርክር አይረታም፣ በስብከትም አይመለስም።

«ያቁሙልኝ» አልኳቸው።

አቆሙ። ጥቅሉን ይዤ ወረድኩ። አያ ደምሌ ወደ መኪናዋ ፊት የምሄድ መስሏቸው ሞተሩን አጥፍተው ባርኔጣቸውን እያወለቁ ጠበቁኝ። እኔ ግን በፊቷ በኩል አልሄድኩም። ዞሬ ሄጄ ከሰልባትዮው ጎን፣ ብሎኑ ሲጠብቅ በደንብ ከሚታይበት ቦታ ላይ ብረቱን አውጥቼ ነጠላውን አነጠፍኩና ተቀመጥኩበት።